ላንድሮቨሩ ወደ ኋላ የሄደ ዕለት

አባቴ ከታሰረ በኋላ በግቢያችን ያየሁት የመጀመሪያው ደስ የሚል ነገር የመኪና አክስል ነው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ፣ ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጀርባ ቁልቁል በምትወርድ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። በግቢው አንድ ጥግ የአባቴ አሮጌ ላንድሮቨር ይቆማል፤ ከኋላ ክፍት የሆነ፣ ሲጭኑበት ሸራ የሚለብስ። አባቴ ዓምደሚካኤል በእሱ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እያመጣ ለአትክልት ተራ ነጋዴዎች ያቀርብ ነበር። ከመታሰሩ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ከመኪናው ሆድ አንድ ነገር ጓ ብሎ ተሰበረ። የአትክልት ተራ ተሸካሞች እየገፉ ግቢ አስገቡለት። ከሥሩ ተኝቶ አየና በእጁ ጥቁር ዘይት ይዞ ወጣ።

«የኋላ አክስሉ ነው። አክስሉን የያዘው ቤት ራሱ ተሰንጥቋል፤ በብየዳ የሚድን አይደለም። ሌላ እስካገኝ ይቁም» አለ።

ሌላ ሳያገኝ ወሰዱት።

እናቴ ብርኽቲ በየቀኑ ስንቁን ቋጥራ ወደ እስር ቤቱ በር ትሄድ ነበር። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ሳህኑን እንደቋጠረችው ይዛ ተመለሰች። ፈታችና ፊቴ አስቀመጠችው። እንቁላል ፍርፍር ነበር።

«ብዪው» አለችኝ።

«አባባስ አልራበውም?»

«አልራበውም።»

ብቻዬን በላሁት። ሳህኑን በጣቴ ጠረግሁ። ሲጣፍጠኝ እያየችኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቁላል ፍርፍር በልቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ እናቴ የአባቴን ሰማያዊ የሥራ ቱታ ለብሳ አገኘኋት። እጅጌውን ጠቅልላ፣ ወገቧን በመቀነት አጥብቃ አስራ ነበር። ቱታው በዘይትና በግራሶ ብዛት ሰማያዊነቱ ጠፍቶ ጥቁር ሆኗል። ሴት ሱሪ ለብሳ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለነበር ሳቅሁ። አልተቆጣችኝም።

ጋሽ ደበሳይ መጣ። ደበሳይ የአባቴ መካኒክ ነው፤ ሙያውን አስመራ ከጣሊያኖች ጋራዥ ተምሮ መጥቶ፣ በአራዳ ላንድሮቨር ያለው ሁሉ የሚፈልገው ሰው ነበር። ክሪክና በጆንያ የታሰረ መፍቻ ይዟል። የመኪናውን ሸራ አወለቀና ከአጥሩ እስከ ላንድሮቨሩ ጣሪያ ወጥሮ አሰረው።

«ሸራው ለምንድን ነው?» አልሁት።

«ለፀሐይ» አለኝ፤ ፊቱን ሳያዞር።

ከዚያ አግዳሚ ወንበሮች መጡ። ጎረቤቶቻችን ሁለት ሁለት ሆነው ተሸክመው አስገቧቸው፤ ጀርባቸው ላይ በቀይ ቀለም የእድሩ ስም ተጽፎባቸዋል። ለአንድ መኪና ይህ ሁሉ ወንበር ማስፈለጉ ገርሞኝ፣ የጎረቤታችንን የእትዬ ጥሩነሽን ቀሚስ ይዤ ጠየቅኋት። እትዬ ጥሩነሽ በሰፈሩ በምላሷ የታወቀች ነበረች፤ ሰው እሷን ላለማናገር መንገድ ይቀይራል ይባል ነበር።

«አክስል ቀላል መሰለሽ?» አለችኝ። «አንዱ ሲያነሳ አንዱ ይቀመጣል፤ አንዱ ሲደክመው አንዱ ይተካዋል። እንግዲህ ቆመው ይተኩ?»

«ሲሠራ አባባን ሄደን እናመጣዋለን?»

እናቴ ሰምታኛለች። እጇ ላይ ያለውን መፍቻ መጥረግ ቀጠለች። የመለሰችልኝ እትዬ ጥሩነሽ ናት። «መጀመሪያ ይሠራ እንጂ! ያልተሠራ መኪና የት ያደርሳል?»

ይህን እንደ ቃል ኪዳን ያዝሁት። መኪናው ሲሠራ አባቴ ይመጣል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በግቢው ውስጥ የዚያን አክስል ነገር እንደ እኔ የሚያስጨንቀው ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ወደ ቀትር አካባቢ አክስሉ መጣ። ያገኘችው ነሲባ ናት፤ አትክልት ተራ ሽንኩርት የምታከፋፍል፣ አባቴ ለብዙ ዓመት ያቀረበላት ሴት። ከፈረሰ መኪና ላይ አስፈትታ ገዝታ፣ በገበያው ተሸካሞች አስይዛ መጣች። ርዝመቱ የሰው ቁመት ሊያህል ምንም አይቀረው። በጋቢ ጠቅልለው፣ በሁለት ረጃጅም እንጨቶች ላይ አጋድመው፣ አራት ሆነው በትከሻቸው ተሸክመውታል። በበሩ ሲገቡ አግዳሚው ላይ የነበሩት ወንዶች ሁሉ ብድግ አሉ። ባርኔጣ ያደረገ አወለቀ። ተሸካሞቹ በቀጥታ ወደ መኪናው አልሄዱም፤ ግቢውን ቀስ ብለው ዞሩት፤ ሦስት ጊዜም ቆም አሉ። ነሲባ እጆቿን ዘርግታ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር።

እኔ ከፊት ከፊት እየዘለልሁ አጨበጨብሁ። ውድ ዕቃ በመሆኑ ያከበሩት መሰለኝ።

በዚያ ዓመት መንግሥት ለገደለው ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስ፣ ድምፅ ማሰማት፣ ለቅሶ መድረስ ሁሉ ከሟቹ ጋር ያስቆጥር ነበር። አስከሬንም አይሰጥም። እናቴ በእስር ቤቱ በር የተነገራት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ስንቅ ይቅር»። ከእድሩ ሰዎች ጋር የተነጋገሩትን በኋላ ሰምቻለሁ። አንዱ ሽማግሌ «ልጄ፣ በሆድሽ ያዢው፤ ጊዜው ያልፋል» ሲሏት፣ «በሆዴ የያዝሁትን ወልጄዋለሁ፤ ባሌን ግን ሰው ያለቅስለታል» አለች አሉ። ደበሳይ ያን ጊዜ ነው፣ «መኪናው ተሰብሮ ቆሟል አይደል?» ያለው።

የእኔን ባል የቀበርሁት ዘንድሮ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ነጭ ድንኳን መንገዱን ዘግቶ ነበር፤ ድምፅ ማጉያ ነበረ፤ የትራፊክ ፖሊስ ሳይቀር ተባብሮናል። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም። ይህን ያነሳሁት፣ በዚያ ድንኳን ሥር ተቀምጬ ዓይኔ መኪና ይፈልግ ስለነበር ነው።

ሥራው ተጀመረ። ወንዶቹ ላንድሮቨሩን በክሪክ አንስተው፣ በድንጋይና በግንድ አስደግፈው፣ ጎማዎቹን አወለቁ። የደበሳይ እግሮች ብቻ ከመኪናው ሥር ይታያሉ። የግራሶና የናፍታ ሽታ ከንፍሮ ሽታ ጋር ተደባልቆ ነበር፤ እትዬ ጥሩነሽ በትልቅ ጎላ ስንዴና ባቄላ ቀቅላ በየሰዉ እጅ ትሰፍራለች። ንፍሮ እወድ ነበር። እጄን ደጋግሜ ዘረጋሁ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነበር የለበሱት፤ ጥለቱ ከታች መሆኑ ቀርቶ ወደ አንገታቸው ወጥቷል። ጥለቱን ግራሶ እንዳይነካው ብለው ነው ብዬ ብልህነታቸውን አደነቅሁ፤ የእኔንም ትንሿን ነጠላ እንደዚያው አድርጌ ገለበጥኋት። አንዷ ሴት አየችኝና ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

ደበሳይ ደግሞ ይመታ ነበር። የዛገ ቡሎን አልላቀቅ ሲለው መዶሻውን አንስቶ ብረቱን ይደበድበዋል፤ ግቢው በሙሉ ይጮሃል፤ ጆሮ ያደነቁራል። በመታ ቁጥር ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ስበው ጎንበስ ይላሉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። መምታቱን ሲያቆም ቀና ይላሉ። ጆሮዬን በመዳፌ ደፍኜ፣ «ጋሽ ደበሳይ፣ ቀስ በል! ሴቶቹ ፈሩ!» እያልሁ ወደ መኪናው ሥር አጎንብሼ ጮህሁበት።

«እሺ ጓለይ» አለኝ፤ በትግርኛ «ልጄ» ማለቱ ነው። ከዚያ የበለጠ መታ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ጥሩነሽ ብድግ ብላ በላንድሮቨሩ ኮፈን ላይ እጇን አሳረፈችና ዝግ ባለ ድምፅ እንዲህ አለች፤

«ዳገት ቁልቁለቱን ሲወጣ ሲወርድ፣
ምን አገኘውና ቆመ ከመንገድ?
ለሰው ያወረደ ሸክሙን ተሸክሞ፣
ማን ይጠይቅለት የራሱን ታሞ?»

ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። እናቴ ቱታዋ ላይ ያለውን መቀነት በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትወዛወዛለች።

«ለመኪና ይዘፈናል እንዴ?» አልሁ።

«መኪናም እንደ ሰው ነው» አለችኝ እትዬ ጥሩነሽ፤ ድምፅዋ ሻክሯል። «ሲያሞግሱት ቶሎ ይነሳል።»

በሥልስቱ ዕለት አክስሉ ተገጠመ። ሥልስት መሆኑን ግን አላውቅም ነበር፤ የማውቀው ከወትሮው ብዙ ሰው መምጣቱን ነው። ጎማዎቹ ተመልሰው ገብተው፣ ደበሳይ የመጨረሻዎቹን ዳዶዎች ሲያጠብቅ፣ የግቢው በር በእግር ተመትቶ ተከፈተ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ እሸቴ ነበር፤ ከኋላው ጠመንጃ የያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች። ጓድ እሸቴን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎጆ ሲወጣ አልጋና ቁምሳጥኑን በዚያው ላንድሮቨር ያጓጓዘለት አባቴ ነው።

«ይህ ሁሉ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» አለ።

«የኋላ አክስል እየቀየርን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች እናቴ። «ከባድ ነው፤ አንድ ሰው አያነሳውም። እርስዎም ያውቁታል።»

«ሴቶቹስ? ሴቶቹም አክስል ያነሳሉ?»

እትዬ ጥሩነሽ አልጠበቀችም። «ጓድ፣ እሑድ እሑድ ሰብስበው ሴት ከወንድ እኩል ናት ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም? ይኸው፤ ትምህርቱ ገባን።»

አንደኛው ጥበቃ ሊስቅ ሲል ራሱን ገታ። ጓድ እሸቴ ግን አልሳቀም። አግዳሚዎቹን አየ፤ ሸራውን አየ፤ ንፍሮውን አየ። የእናቴን ፊት ረጅም ጊዜ አየ። እኔ የፈራሁት ሥራውን እንዳያስቆመው ብቻ ነበር።

«ጥሩ» አለ በመጨረሻ። «መኪናው ከተሠራ ይነሳ። አሁን፣ እፊቴ ይንቀሳቀስ። ካልተንቀሳቀሰ ሁላችሁም ቀበሌ ድረስ ትመጣላችሁ።»

ደበሳይ ከመኪናው ሥር ወጣ። ዓይኑ ደም ለብሷል፤ ናፍታ የገባበት መሰለኝ። ወደ መሪው ሊወጣ ሲል እናቴ በክንዷ ከለከለችው። ራሷ ወጣች። አባቴ መንዳት ያስተማራት መሆኑን ከእኔና ከእሱ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሑድ ጠዋት ጠዋት ጃንሜዳ ይወስደን ነበር። ሞተሩ ተንኮሻኮሸና ተነሳ። ፍሪሲዮን ረገጠች፤ አንደኛ ማርሽ አስገባች፤ ዓይኗ ፊት ለፊት በሩ ላይ ነው።

ላንድሮቨሩ ወደ ኋላ ሄደ።

ሰው ሁሉ ጮኸ። አግዳሚው ተገለበጠ፤ የንፍሮው ጎላ ተደፋ፤ የመኪናው ቂጥ አጥሩን ገጭቶ ቆመ። እናቴ ማርሹን አየችና እንደገና አንደኛ አስገባች። መኪናው አሁንም አጥሩን ገፋ።

ጓድ እሸቴ መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ሳቁ መጣ። ጉልበቱን ይዞ ሳቀ፤ ጥበቃዎቹም ሳቁ። «አብዮቱ ወደ ፊት! የብርኽቲ መኪና ወደ ኋላ!» አለ እንባውን እየጠረገ።

«አድኃሪ መኪና ነው ጓድ» አለች እትዬ ጥሩነሽ። «ትንሽ ቢነቃ ይስተካከላል።»

«ይህ ነው የአራዳ መካኒክ? ሦስት ቀን ሙሉ ሰፈሩን ሰብስቦ የሠራው ይህን ነው? እኔ ደግሞ...» አለና ተወው። ምን ጠርጥሮ እንደነበር ግቢው ሁሉ ገብቶታል፤ ከእኔ በቀር። «በሉ እስኪስተካከል ሥሩት። ሲያልቅ ግን መኪናው ለቀበሌው ሥራ ይፈለጋል። ያልኩትን ሰምተሻል፣ ጓድ ብርኽቲ?»

«ሰምቻለሁ» አለች እናቴ፤ እጇ አሁንም መሪው ላይ ነው።

በሩ እንደተዘጋ ደበሳይ ላይ ዘለልሁበት። በሁለት ቡጢዬ ሆዱን መታሁት። «አትችልም! አባባ ቢሆን በአንድ ቀን ይሠራው ነበር! መካኒክ አይደለህም!»

«ልክ ነሽ፣ ጓለይ» አለኝ። አልተከላከለም። «አባትሽ ቢሆን ይሠራው ነበር።»

ዲፈረንሻሉን፣ ከአክስሉ መሐል ሆኖ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ጥርስ፣ ገልብጦ ነበር የገጠመው። ዲፈረንሻል ከተገለበጠ መኪናው የታዘዘውን ሁሉ በተቃራኒው ይፈጽማል፤ ገና ጋራዥ የገባ ልጅ የሚሠራው፣ ሌሎቹ ዕድሜ ልኩን የሚስቁበት ስህተት ነው። ለደበሳይ ላንድሮቨር መፍታትና መግጠም ጫማ እንደ ማሰር ነበር። ትልቅ ሆኜ፣ አውቀህ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። እንዲህ ያለ ብልሃት ሠርቶ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። «አላወቅሁም» አለኝ። «ዓይኔ ውስጥ ውሃ ነበር፤ በእጄ እየዳበስሁ ነው የገጠምሁት።» ያዳነን ብልሃት አይደለም፤ እንባው ነው። ጓድ እሸቴ ለቅሶ ፍለጋ መጥቶ፣ ለቅሶው የሠራውን አይቶ ስቆ ተመለሰ፤ እየሳቀም ጊዜ ሰጠን።

እናቴ ያንን ጊዜ አልመለሰችለትም። ሰዉ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆነ ይመጣል፤ ለአፍታ ሸራው ሥር ይቀመጣል፤ አንድ ቡሎን ያጠብቃል ወይም ይፈታል፤ ሲሄድ «እግዜር ያበርታሽ፤ ከባድ ሥራ ነው» ይላታል። የቀበሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ደበሳይ መልስ አያጣም። አንድ ጊዜ ኩሽኔታው የለም፤ ከአስመራ መምጣት አለበት። የአስመራ መንገድ እኮ ተዘግቷል ሲሉት፣ «ታዲያ እኔ ልክፈተው?» ይላል። ሌላ ጊዜ ዘይት ያፈስሳል። እኔ በየቀኑ ከትምህርት ቤት እየሮጥሁ መጥቼ «ዛሬስ?» እላለሁ። እናቴ ጸጉሬን እየጎነጎነች፣ «ጥቂት ቀርቶታል» ትለኛለች። እጇ ሳሙና የማያስለቅቀው የግራሶ ሽታ ነበረው። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ፣ ሥራውን ሆን ብለው እያጓተቱት እንደሆነ ነገርኋት። «አዎን» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በግልጽ የነገረችኝ እውነት ያ ብቻ ነበር፤ እኔ ግን የቀለደችብኝ መሰለኝ።

በአርባው ዕለት ሸራው ሥር ቦታ አልነበረም። ጠዋት ደበሳይ ዲፈረንሻሉን አውርዶ አገላብጦ ገጠመው፤ ያን ቀን እጁ አልተሳሳተም። እናቴ ሞተሩን አስነሳች። ላንድሮቨሩ ወደ ፊት ተራመደ፤ ጥቂት ብቻ፣ ከግቢው ወደ በሩ። እኔ ከደስታዬ ብዛት ኮፈኑን ሳምሁት። ሮጬ ወደ ቤት ገብቼ የፋሲካ ቀሚሴን ለበስሁ፤ ጫማዬን በምራቄ ወለወልሁ። አባቴን ልናመጣ ነው።

ስወጣ ጓድ እሸቴ በሩ ላይ ቆሟል። ወሬው ደርሶታል። ከጥበቃዎቹ ጋር አንድ ሾፌር ይዞ መጥቷል።

«በስተመጨረሻ!» አለ። «እናንተ አክስል ስትቀይሩ እኮ አገር ተቀየረ። በይ ቁልፉን፣ ጓድ ብርኽቲ።»

እናቴ ከመኪናው ወረደች። ቁልፉን ነቅላ በመዳፏ ያዘችው። ከሸራው ሥር ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ ሲነሱ አየሁ። እትዬ ጥሩነሽ፣ «ብርኽቲ፣ ተይ» አለች በሹክሹክታ። ያቺ ምላሰኛ ሴት ስትፈራ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ውሰድ» አለች እናቴ። እስከዚያች ሰዓት እርስዎ ነበር የምትለው። «ሥራችንን ጨርሰናል።»

«ግሩም! ይገባችኋል፣ ትጉ ሠራተኞች...»

«ለቅሶውን ነው የጨረስነው።»

ጓድ እሸቴ እጁን ወደ ቁልፉ እንደዘረጋ ቀረ። «የምን ለቅሶ?»

«የባሌን ለቅሶ። የዓምደሚካኤልን። እዚህ ግቢ ውስጥ፣ እዚህ ሸራ ሥር፣ አንተ ቆመህ ስትስቅ ሥልስቱን አወጣንለት። ዛሬ አርባው ነው። ሰው እንደ ሰው ተቀምጦ አልቅሶለታል፤ ተሸክሞታል፤ ስሙን ጠርቶለታል። የቀረ ነገር የለም። አሁን መኪናውን ውሰድ፤ ብረት ነው።»

በዚህ ንግግሯ ምክንያት በማግስቱ መጥተው ወሰዷት፤ ክረምቱ ገብቶ ሲጋመስ ከስታ ተመለሰች። ሌላ ማንንም አልነኩም፤ ሸራውን ብቻዬን ነው የወጠርሁት ብላ በሁሉም ቀን አንድ ቃል ሰጥታለች። ለምን ተናገርሽ፣ አልፎልን አልነበረም ወይ ብዬ ብዙ ዓመት ቆይቼ ስጠይቃት፣ «ተሸሽጎ ያለቀ ለቅሶ አላለቀም» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። ጓድ እሸቴ እንዲያውቅ ፈልጋ ነበር።

እኔ ግን ያን ጊዜ እዚያው በሩ አጠገብ፣ በፋሲካ ቀሚሴ ቆሜ ነበር። ቃላቱን አንድ በአንድ ሰማኋቸው። ለቅሶ። አርባ። ዓምደሚካኤል። ወደ እናቴ አየሁ፤ አልካደችም። ወደ ደበሳይ አየሁ፤ ራሱን አቀረቀረ። ያን ጊዜ ከሆዴ የወጣው ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም። እንደዚያ ያለ ድምፅ በዚያ ግቢ፣ በዚያ ሰፈር፣ በዚያ ዓመት ተሰምቶ አያውቅም፤ የወርቅ ሠሪዎቹ ሱቅ ድረስ ተሰማ አሉ። መሬት ላይ ወድቄ፣ «አባባ! አባባ!» እያልሁ ጮህሁ። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆሙ።

«ዝም አሰኟት!» አለ አንደኛው ጥበቃ፤ ጠመንጃውን ከትከሻው እያወረደ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ጓድ እሸቴ ወደ እናቴ ጠጋ አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። «ብርኽቲ፣ ልጅሽን ዝም አሰኛት። ለራስሽ ስትዪ።»

እናቴ ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«አላሰኛትም» አለች። «አባቷ ነው። ታልቅስ።»